በሦስተኛው ቀን የተገለጠ ፋሻ

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ እኔ የእጅ ሰዓቴን ቆጣሪዎች መለየት ካቃተኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። ጅማ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የዓይን ሕክምና ክፍል ኮሪደር ላይ፣ ከግድግዳው ጋር በተጠጋ የእንጨት አግዳሚ ተቀምጫለሁ። አንዲት ነርስ መጥታ ከግራ ቅንድቤ በላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፈችና በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት።

«ይሄኛው ነው አይደል የሚሠራው?» አለችኝ።

«ሌላ የለኝም» አልኋት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀኝ ዓይኔ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጠፍቷል። በዚያች ጠዋት ለምላጭ ያቀረብሁት የቀረኝን አንዱን ነበር። ቢሳካ አነባለሁ፣ ብቻዬን መንገድ እሻገራለሁ። ባይሳካ እስከ ዕለተ ሞቴ በሰው እጅ እመራለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሦስተኛ ዕድል ፈልጌ አላገኘሁም።

የዓይን ሞራ ሕመም የለውም፤ ሰውን የሚያታልለውም በዚሁ ነው። ቢያም ኖሮ ቀድሜ እነቃ ነበር። እኔ ግን እንጀራዬ ዓይኔ ሆኖ ሳለ የዓይኔን መድከም ያወቅሁት ከሁሉም ሰው በኋላ ነው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ እርሻ ተማርሁ፤ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ያህል ከጅማና ከዙሪያዋ ከተሞች የሚመጣውን ቡና መርምሬ ደረጃ ስሰጥ ኖርሁ፤ ሰፈርተኛውም ኢንስፔክተሩ ይለኛል። ከየጆንያው የተወጋው ናሙና በጥቁር ትሪ ላይ ይዘረጋልኛል። ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን፣ ሳይበስል የተለቀመውን ፍሬ በሁለት ጣቶቼ እየለቀምሁ ወደ ጎን አወጣለሁ። ቀጥሎ ቀለሙን አያለሁ። በደንብ ታጥቦ የደረቀ ቡና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ የቆየ ቡና ይገረጣል፣ እንደ ገለባ ይሆናል። በመጨረሻም ከናሙናው የተፈላውን በማንኪያ እየሳብሁ እቀምሳለሁ።

አንድ ዓመት፣ ገና ኅዳር ሳይወጣ፣ የሚመጣልኝ ቡና ሁሉ ገለባ መሰለኝ። መጀመሪያ አቅራቢዎቹን ወቀስሁ፤ የአምናውን ከዘንድሮው ቀላቅለዋል አልሁ። ቀጥሎ መጋዘኑ ርጥበት አስገብቷል ብዬ ደብዳቤ ጻፍሁ። በመጨረሻም የክፍሌ መስኮት መስተዋት ቆሽሿል ብዬ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ አሳጠብሁ። ሠራተኞቹ መስተዋቱን እያጠቡ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አላየሁም፤ ካጠቡት አንዱ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነገረኝ።

የቀኝ ዓይኔ ብሶ ስለነበር በ1987 ዓ.ም. ከጅማ ወጥቼ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ተሠራሁ። የሠራኝ ሐኪም ጥቂት የሚናገር፣ የተናገረውን የማይደግም ሰው ነበር። በማግስቱ ፋሻውን ከፍቶ አየና «ደኅና ነው» አለኝ። መልሶ ሸፈነውና «ባለቤትህ እጇን ታጥባ ጠብታውን ከምታደርግልህ በቀር ማንም አይንካው። አንተ ከማንም በላይ» አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ገበያ ወጥታ እኔ በረንዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አጠገቤ ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁት የናሙና ከረጢት ነበረ። ናሙና ሳላይ በማንም ቃል ደረጃ ሰጥቼ አላውቅም። «ደኅና ነው» ያለው እሱ ነው፤ እኔ አላየሁም። አንድ እፍኝ ቡና ዘገንሁ፣ ወደ ፀሐይ ዞርሁ፣ ፋሻውን በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ገለጥሁ።

አረንጓዴውን አየሁ። ቅርጹ እንደ ጭጋግ የተበተነ ነበር፤ ቀለሙ ግን ከዓመታት በፊት የማውቀው ያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው አረንጓዴ ነበር። አንድ ደቂቃ ያህል አየሁት። ከዚያ ብርሃኑ ዓይኔን አስነባው፤ እንባውን ቡና በያዘው፣ አቧራ ባለበት ጣቴ ጠረግሁት። ፋሻውን ወደ ቦታው መልሼ ባለቤቴ ስትመጣ አንዳች አልነገርኋትም። በማግስቱ ዓይኔ መግል ቋጠረ። በሳምንቱ ጠፋ።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሐኪሙን ረገመች። በለቅሶ ቤት፣ በዕድር፣ በውኃ ቧንቧ ወረፋ ላይ «የባሌን ዓይን አፈሰሰው» እያለች ተናገረች። እኔ ዝም አልሁ። መጀመሪያ ያፈርሁት ከእሷ ነበር። ቆይቶ ከእሷ አልፎ በሰፈሩ ሁሉ አፍ የገባውን መመለስ አቃተኝ። እሷ ሞተች፤ ወሬው ግን ቀረ።

ወሬው ማን ላይ እንዳረፈ መናገር አለብኝ። ጅሬን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤቴ በታች፣ በአጥር ብቻ ተለይተን፣ ሁሉም ሐጂ የሚላቸው ሽማግሌ ይኖራሉ። ከጅማ አጠገብ ካለው ደዶ ቡና እያመጡ ሲሸጡ የኖሩ፣ በዕድሜ አምስት ዓመት የሚበልጡኝ ሰው ናቸው። ከሰባት ዓመት በፊት ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፈኑ። ልጆቻቸው ከደዶ መጥተው ሐኪም ዘንድ ሊወስዷቸው ለመኗቸው። እሳቸውም «ኢንስፔክተሩ ተማረ፣ መረመረ፣ ሄደ፤ ዓይኑን ጥሎ መጣ። እኔ ያልተማርኩት ምን ጥዬ ልመጣ ነው?» ብለው እምቢ አሉ። ይህን ሲሉ እኔ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ እሰማ ነበር። አንዲት ቃል መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርሁም።

እንግዲህ የግራው ዓይኔም ሲከደን ልጄ አስጨነቀችኝ። መምህርት ናት፤ ቦሳ አዲስ ሰፈር ከሚገኘው ቤቷ በየማታው እየመጣች አንድ ዓመት ሙሉ ስትነዘንዘኝ ከቆየች በኋላ እጄን ሰጠሁ። ከሕክምናው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሐጂ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«እውነት ነው የሰማሁት፣ ጃርሳ?» አሉኝ። ሽማግሌው ማለታቸው ነው፤ እሳቸው ራሳቸው የሚበልጡኝን ዕድሜ ከቁጥር አያስገቡትም።

«እውነት ነው፣ ሐጂ።»

«ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቡና ስትጥል ኖረህ፣ አሁን ዓይንህን ልታስጥል ትሄዳለህ። የኔን የደዶ ቡና ሦስተኛ ደረጃ ብለህ የጣልክበት ዓመት ረግሜህ ነበር፤ እርግማኔ ግን ይህን ያህል አልነበረም።»

«ሦስተኛ ደረጃ ነበራ፣ ሐጂ።»

«ኤዬ። አሁንም ሦስተኛ ነው ይላል።» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቢያጠፉብህስ?» አሉኝ።

«ልጄ ትመራኛለች።»

«እሷ ያንተን እጅ ትይዛለች፤ አንተ የኔን ያዝ። ገደሉ ጋ እስክንደርስ አንድ ሰልፍ እንሆናለን።» ከዚያም «ሂን ሶዳቲን» አሉኝ፤ አትፍራ ማለታቸው ነው። እሳቸው አትፍራ ያሉኝ የምፈራውን ሳያውቁ ነበር። «አሜን» ብቻ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ወደ ማክሰኞው አግዳሚ ልመለስ። ልጄ አንድ ቅጽ ተሰጣት። ቅጹ በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። ቋንቋውን እንደ እናት ቋንቋዬ እሰማለሁ፤ ፊደሉን ግን በሽምግልናዬ ስለመጣ ቀስ ብዬ ነው የምቆጥረው። በዚያች ጠዋት ደግሞ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ለእኔ ያው ነበር። ልጄ እየተረጎመች አነበበችልኝ፤ ሕክምናው በጥቂት ሰዎች ላይ ደም መፍሰስን፣ ቁስለትን፣ አልፎ አልፎም ሙሉ በሙሉ የማየት አቅም ማጣትን ሊያስከትል እንደሚችል ተረድቻለሁ የሚል ነው።

«የመጨረሻውን ድገሚልኝ።»

«አባዬ፣ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።»

«ጥቂት ሲል ስንት ማለቱ ነው?»

«አይልም።»

«ቁጥር የሌለው ነገር ላይ እንዴት ይፈረማል?»

እስክሪብቶውን ጣቶቼ መካከል አስገብታ እጄን መስመሩ ላይ አሳረፈችው። በሕይወቴ ሳላነብ የፈረምሁት ወረቀት ያ ብቻ ነው። ፊርማዬ ከመስመሩ ወጥቶ እንደሆነ ስጠይቃት «ትንሽ ወጥቷል» አለችኝ።

ከጎኔ ከትናንት ወዲያ የተሠራች አንዲት ሴት ለምርመራ ወረፋ ትጠብቅ ነበር። ስተነፍስ ሰምታኝ መሆን አለበት።

«ፈሩ እንዴ፣ አባባ?» አለችኝ። «እኔ ዘጠኝ ወልጃለሁ። ይሄ ከአንዱም አይደርስም።»

«እኔ አልወለድሁም፤ የማነጻጽርበት የለኝም» አልኋት።

«መርፌዋ ናት እንጂ ሌላው ምንም አይደል። መርፌዋ ስትገባ ጌታን ይጥሩ።»

መርፌ መኖሩን እስከዚያ ድረስ ማንም አልነገረኝም ነበር። ወዴት እንደሚገባ ልጠይቃት ፈልጌ መልሱን ስለፈራሁ ተውሁት። በዚህ መካከል ነርሷ የዓይኔን ብሌን የሚከፍተውን ጠብታ አደረገችልኝ። ያቃጥላል። ጥቂት ቆይቶ ኮሪደሩ ነጭ ሆነ፤ የሰዎቹ ቅርጽ ሁሉ በነጩ ውስጥ ሟሟ። አሁን ጀመረ፣ ከዚህ በኋላ መመለስ የለም ብዬ አሰብሁ።

መመለስ ግን ነበር፤ ያውም ራሱ ሐኪሙ ከፈተልኝ።

ከመሥራቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሊያየኝ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባኝ። ድምፁ የወጣት ነው። አገጬን በብረት ላይ አስደግፎ በብርሃን ዓይኔን ከመረመረ በኋላ ስለ ቀኙ ጠየቀኝ።

«በቀዶ ሕክምናው ነው የጠፋው» አልሁት። ቃሉ ከአፌ የወጣው በልምድ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሁት እሱን ነበር።

«ከስንት ቀን በኋላ?»

«ሦስት፣ አራት ቀን።»

«መግል ነበረው?»

«ነበረው።»

ወንበሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሰማሁ። «እንዲህ ከሆነ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አባቴ፣ የቀረዎት አንድ ነው። ያኛው ያለ ምክንያት ከመረቀዘ ይሄኛውንም ዛሬ ባልነካው ይሻላል። ምክንያቱን ፈልገን፣ በሚቀጥለው የቀዶ ሕክምና ዙር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እናየዋለን። ሞራው በጣም ስለበሰለ መቆየቱም አይወደድም፤ ግን ከሁለቱ ስጋት ትንሹን መምረጥ አለብን።»

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። በራሴ ቃል ሳይሆን በሐኪም ትእዛዝ፣ በክብር፣ ወደ ቤቴ ልመለስ ነው። ልጄም ልትወቅሰኝ አትችልም። ለመነሣት የወንበሩን ክንድ ያዝሁ።

«ካርድዎ ላይ ልጻፈው» አለ ሐኪሙ። «የሠራዎትን ሐኪም ስም ያስታውሳሉ?»

አስታውስ ነበር። እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ስሙ እስከ ምላሴ ጫፍ መጣና እዚያ ቆመ። በሥራዬ ዘመን ብዙ ሰው ተቀይሞኛል፣ ሐጂንም ጨምሮ፤ ነገር ግን ባላየሁት ጉድለት በማንም ቡና ላይ ፈርሜ አላውቅም። እስከዚያ ቀን የባለቤቴ ነገር ወሬ ነበር፤ ወሬ ወረቀት ላይ አይቆይም። አሁን ግን እኔ ተናጋሪ ሆኜ፣ በሰው ስም ፊት ለፊት፣ ጉድለቱ በቀለም ሊጻፍ ነው።

«አይጻፉት» አልሁት።

«ረሱት?»

«አልረሳሁትም። ፋሻውን በሦስተኛው ቀን እኔ ነኝ የገለጥሁት። ቡና በያዝሁበት ጣት ጠርጌዋለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ ልጄም ነበረች። ትንፋሿን ሰማሁ። ሐኪሙ ወንበሩን መልሶ አስጠጋ።

«ከመግለጥዎ በፊት ደኅና ነበር?»

«አረንጓዴ አይቼበታለሁ።»

«ጣትዎ ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ላይሆንም ይችላል። በቀዶው ዕለት የገባ ጀርም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሚነሣበት ጊዜ አለ። እስከዚያ ዓይኑ ደኅና ሊመስል ይችላል። ይሄን አሁን ማንም አይነግርዎትም። ለዛሬ ግን ያሉኝ ነገር ይጠቅመኛል።»

ስኳሬና የደም ግፊቴ ቀድሞ ተለክቷል። እሱ ደግሞ የእንባዬ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍኖ እንደሆነ ልመርምር ብሎ በቀጭን መርፌ ጨው ያለበት ውኃ ገፋበት።

«ጉሮሮዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?»

«ጨው። ለስላሳ፣ ኋላ ላይ ትንሽ ብረት ብረት የሚል።»

«ጨው ብቻ ቢሉ ይበቃኝ ነበር» አለ፤ ሳቁን በድምፁ ውስጥ ሰማሁት። «ቀዳዳው ክፍት ነው። እንሠራዋለን። ዓይንዎን አምኜዋለሁ፤ እጅዎን ግን አላምነውም። በፋሻው ላይ የብረት ሽፋን አደርግበታለሁ።»

የመመለሻውን በር በገዛ አፌ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ተራው ደርሶት ለሚፈራ ሰው ይጠቅም እንደሆነ፣ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። በጀርባ ያስተኛሉ። ፊትን እንደ አዮዲን በሚሸት ቡናማ ፈሳሽ ያጥባሉ፤ ቀዝቃዛ ነው። መርፌው ከዓይኑ በታች፣ በአጥንቱ ጠርዝ በኩል ይገባል። ሴትዮዋ እውነቷን ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፣ ከመውጋቱ ይልቅ ግን ክብደቱ ያስፈራል። አንድ ነገር ከዓይን ኋላ እየሞላ የሚገፋ ይመስላል። ቀጥሎ አንድ ሰው በመዳፉ ዓይኑን ተጭኖ ይይዛል፤ ቀስ በቀስም ዓይኑ የራስ መሆኑ ይቀራል። መላ ፊት ላይ ጨርቅ ይደፋል፤ ጨርቁ ከአንዲት ቀዳዳ በቀር ክፍት የለውም። ከጨርቁ ሥር የራስን ትንፋሽ መልሶ መተንፈስ አለ። ወደዚያ ያለ ዝግጅት የገባ ሰው የታፈነ ይመስለዋል፤ አይታፈንም።

ነርሷ እጄን ይዛ «ሊያስልዎት ከሆነ እጄን ይጭመቁ፤ ራስዎን ግን እንዳያነቃንቁ» አለችኝ። ያንን እስክትናገር ድረስ ማሳል አላሰብሁም ነበር። ከተናገረችበት ደቂቃ ጀምሮ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ላባ ያለ መሰለኝ። ሠላሳ ዓመት ቡና በማንኪያ እየሳበ ሲቀምስ የኖረ ጉሮሮ ነው፤ አላምነውም። ከላይ ብርሃኑ ይታየኛል። ምላጭ አይታይም፣ ሰው አይታይም። ነጭ ብርሃን፣ ከዚያ በዳር በኩል ሐምራዊ ነገር የሚሸሽበት፣ ከዚያ ውኃ የሚወርድበት። ብረት ከብረት ጋር ይነካካል። «ስጪኝ» ይላል፤ ይሰጡታል። በመካከል «ቆይ» አለ፣ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። አንድ ነገር እንደተበላሸ እርግጠኛ ሆንሁ። ሳላውቀው የነርሷን እጅ ጨመቅሁ።

ሁሉም ነገር ቆመ።

«ሊያስልዎት ነው?» አለኝ ሐኪሙ።

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ፈርቼ ነው።»

«እሺ» አለ። «እየፈራን እንቀጥላለን።»

በኋላ ልጄ ስትነግረኝ ሁሉም ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። የብረት ሽፋኑ ተለጥፎልኝ በተሽከርካሪ ወንበር ወጣሁ። የቀረው ቀን ፍጹም ጨለማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጄ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችኝ ሳለ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«ሰውየውን እስክትሞት ረገመችው እኮ፣ አባዬ።»

«አዎን።»

ማንኪያው መጣ። ፊቷን ለማየት አለመቻሌን በዚያች ሰዓት እንደ ምሕረት ቆጠርሁት።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ የደረሰኝ ሰማያዊ ነው። የነርሷ ሹራብ ነበር። ስንት ዓመት ሳላየው እንደኖርሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሞራ ከቀለም ሁሉ ቀድሞ የሚሰርቀው እሱን ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተላጠ ቀለም፣ የመስኮቱ ሽቦ፣ ከዚያ የልጄ ፊት። በራሴ ውስጥ ይዤው የነበረው ፊት የሠላሳ ዓመት ሴት ፊት ነበር። ጆሮዋ ዙሪያ ሸብታለች። ሐኪሙ ጣቶቹን ዘርግቶ ስንት እንደሆኑ ጠየቀኝ። «ሦስት፤ የመካከለኛው ጣትዎ ጥፍር ተሰንጥቋል» አልሁት።

ሰው ያን ጊዜ ፍርሃቱ ያበቃ ይመስለዋል። ለእኔ ያን ጊዜ ነው የባሰው፤ አሁን የማጣው ነገር አለኝ። ትእዛዙ ብዙ ነው። አይታሽም፣ ውኃ አይነካውም፣ ለጢስ አይቀረብም፣ ከባድ ነገር አይነሣም፣ ራስ ዝቅ አይልም። ቤተ ክርስቲያን ብሄድ መስገድ እንደማይገባኝ ነርሷ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። ጠብታውን በቀን አራት ጊዜ ልጄ ታደርግልኛለች። ሦስተኛው ቀን ሲደርስ ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ ሁለቱን እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁባቸው። ስተኛ እጆቼ ምን እንደሚያደርጉ ስለማላውቅ ልጄ የሱፍ ካልሲ አልብሳ አንጓዬ ላይ ታስርልኝ ነበር። ሰው ቢያይ ይስቃል። ሃያ ቀን እንዲያ ተኛሁ።

ለሐጂ እንደምነግራቸው በቀዶው ዕለት ወስኜ ነበር። ግን ዓይኑ ይጽና፣ ከዚያ ይሻላል እያልሁ አዘገየሁት፤ ባይጸና ኖሮ እነግራቸው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። የካቲት 5፣ ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ በደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሳሉ ወረድሁ። ኮቴዬን ሲሰሙ አወቁኝ።

«ብቻህን መጣህ?»

«ብቻዬን፣ ሐጂ። አያለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ፊታቸው እውነተኛ ደስታ ነበረው፤ አየሁት። ሁለቱ ብሌኖቻቸው እንደ ወተት ነጭ ነበሩ። «እንግዲህ የኔን ቡና ድጋሚ እየው፤ አንደኛ ደረጃ ነበር።»

ነገርኋቸው። አልቸኮልሁም፣ አላሳመርሁም። ናሙናውን፣ ጣቴን፣ የባለቤቴን ወሬ፣ በአጥሩ ማዶ ቆሜ የሰማሁትን። ስጨርስ መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቁመው ነበር።

«አንተ ነህ የገለጥከው።»

«እኔ ነኝ።»

«ሐኪሙ አይደለም ያጠፋው።»

«አላውቅም። የአሁኑ ሐኪም ሁለቱም ሊሆን ይችላል ብሎኛል።»

«አላውቅም አትበለኝ። ሠላሳ ዓመት ቡናችንን ስትጥል አንድ ቀን አላውቅም ብለህ አታውቅም።»

ከብሌኖቻቸው ላይ ዓይኔን አነሣሁ።

«ሰባት ረመዳን ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ጨረቃዋን ሰው እያየልኝ ጾም ያዝኩ፣ ሰው እያየልኝ ፈታሁ። የልጅ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ሲል እጁን ካልዳሰስኩ የማን እንደሆነ አላውቅም። ለምን ነገርከኝ? ሳትነግረኝ ብትሞት የአላህ ቀደር ነው ብዬ አርፌ እሞት ነበር።»

«የእርስዎንም ሊሠሩት ይችላሉ፣ ሐጂ። ሚያዝያ ላይ ሌላ ዙር አለ። እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ።»

«በየትኛው እጅህ ልትይዘኝ ነው? ያቺ ጣት ባለችበት?»

ይህን ሲሉ እንደ ወትሮው የሚስቁ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልሳቁም። መቃኑን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ተነሡና ገቡ፤ በሩንም በዝግታ ዘጉት።

ይህን የምጽፈው በመጋቢት አጋማሽ ነው። ግራ ዓይኔ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ይህንንም በገዛ እጄ፣ በመነጽር፣ በመስመሩ ላይ እየጻፍሁት ነው። የቀኙን ያጠፋው ጣቴ ይሁን የሐኪሙ ምላጭ አልታወቀም፤ የሚታወቅበትም መንገድ እንደሌለ ተነግሮኛል። ያን ሐኪም በልጄ በኩል አፈላልጌው ነበር፤ ከዚያ ሆስፒታል ለቅቋል፣ የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘሁም። የሐጂን ስም በሚያዝያው ወረፋ አስመዝግቤያለሁ፤ ሰባት ዓመት የቆየ ሞራ ሲወጣ ከኋላው የሚያይ ዓይን ይኑር አይኑር ሳይመረመሩ መናገር እንደማይቻል ሐኪሙ ነግሮኛል። ልጃቸው ከደዶ መጥቶ «አባቴ አስባለሁ ነው የሚሉት» አለኝ። እሳቸው ራሳቸው እሺም እምቢም አላሉኝም፤ ከየካቲት 5 ወዲህ በአጥሩ በኩል አልጠሩኝም።